ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የልጄ አንገት ለምን ወደ ቀኝ አጋደለ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ወሩ ነው። ሲወለድ በመቀመጫው ነው የመጣው። ጭንቅላቱን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ አገጩ ግን ወደ ግራ ይዞራል። ሰሞኑን ሳጥበው በአንገቱ ቀኝ በኩል ጠጠር ያለ እብጠት ዳሰስኩ። አማቴ «ወጌሻ ጋ ወስደን እናስተካክለው» ይላሉ። ባለቤቴንም አልፎ አልፎ አንገቱን ይይዘዋል። በዘር የመጣ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወጌሻው ይቅር። የልጁ አንገት አልተወለቀም፤ ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር የለም።

መስታወት ፊት ቆመው ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ። በቀኝ በኩል ከጆሮ ሥር እስከ ደረትዎ አናት ገመድ መስሎ የሚወጣ ጡንቻ ያያሉ። እንደነገሩኝ ከሆነ ልጅዎ ላይ ያጠረው ይኸው ጡንቻ ይመስላል። ማህፀን ውስጥ ተጣበው በቆዩ፣ በመቀመጫ በመጡ ወይም ምጣቸው በከበደ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። እብጠቱም አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ጡንቻ ጥጥርነት ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይሟሽሻል። አይታሽ፣ አይበጣ።

ሆኖም በዚህ ሳምንት ሕፃናት ሐኪም ይየው። ዳሌውም ይታይለት፤ በመቀመጫ የመጣና አንገቱ ያጋደለ ልጅ አንዳንዴ የዳሌ መገጣጠሚያውም የላላ ይሆናል። አንገት የሚያጋድለው በዓይን ችግር የሆነበት ጊዜም አለ። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ይላክ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን የሚያስተምር ስለሆነ ሩቅ መሄድ አይኖርብዎትም።

ባለሙያው የሚያሳይዎት ይህን ይመስላል። ልጁን በጀርባው ያስተኙታል። በአንድ እጅዎ ቀኝ ትከሻውን ያዝ ያደርጋሉ፤ በሌላው ጭንቅላቱን ቀስ አድርገው የግራ ጆሮው ወደ ግራ ትከሻው እንዲጠጋ ያጋድሉታል። እስከ 30 ሰከንድ ያቆዩታል። ቀጥሎ አገጩን ወደ ቀኝ ያዞሩታል። ከታገለ ወይም ካለቀሰ ይተዉት፤ ጉልበት እዚህ ቦታ የለውም። ዳይፐር በቀየሩ ቁጥር ካደረጉት አይረሳዎትም። ነቅቶ እያለ ደረትዎ ላይ በሆዱ ያስተኙት። ሲተኛ ግን በጀርባው ይሁን።

ከሦስት ወር በፊት የተጀመረላቸው ልጆች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላሉ። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው በደንብ ተሠርቶለት ዓመት አልፎትም ላልተፈታ ነው። ዝም ከተባለ ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ሊደፈጠጥ፣ ፊቱም ሊዛነፍ ይችላል።

የባለቤትዎ ሌላ ነው። አዳር ተጣሞ የተኛ ወይም ከባድ ነገር ያነሳ ሰው ጠዋት አንገቱ እምቢ ይለዋል። ሙቅ ጨርቅ፣ ፓራሲታሞልና ቀስ ያለ እንቅስቃሴ በቂ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ይለቃል። ፀጉር ቤት ገብቶ ግን «ቀጭ» አያስደርገው። እኔ ራሴ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አስቀድሜ «አንገቴን እንዳትነካ» እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወክን ለማስቆም ፕላሲል የሚባለውን መድኃኒት የወሰደ ሰው በሰዓታት ውስጥ አንገቱ ሊጠማዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ቤተሰብ መንፈስ ነው ብሎ ይደነግጣል። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ማርከሻው ሲሰጠው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ይለቀዋል። ለወራት የማይለቅ ጥምዘዛ ደግሞ የነርቭ ሐኪም ጉዳይ ነው፤ በየሦስት ወሩ ገደማ ጡንቻው ላይ የሚወጋ ቦቱሊነም የሚባል መድኃኒት አለው።

የአንገት መጣመም ከትኩሳት፣ ከመዋጥ ችግር ወይም ከለሃጭ መዝረክረክ ጋር ከመጣ፣ ከመውደቅ በኋላ ከጀመረ፣ ወይም እጅ እግር ከደከመ፣ ልጅም ሆነ አዋቂ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

አማትዎን ደግሞ አያስቀይሟቸው፤ ሥራ አለላቸው። ሁልጊዜ በልጁ ቀኝ በኩል ቁጭ ብለው ያጫውቱት። ድምፃቸውን ሲፈልግ አንገቱን ራሱ ያዞራል።