የእጀታው መሰበር መፍትሔ እጀታው ላይ አይደለም

ወንድሜ፣ «ተመልካች እጀታ ሲያዞር ክንፏን የምታራግብ የእንጨት ወፍ ኤግዚቢሽን ላይ አቁሜ በሁለተኛው ቀን እጀታው ተሰበረ፣ በወፍራም ብረት ልቀይረው?» ላልከው፦ አትቀይረው። እጀታውን ካጠነከርክ ቀጥሎ የሚሰበረው የእንጨት ማርሹ ጥርስ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይተካም።

ስሌቱን እየው። 20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ጎልማሳ ሰው በ30 ኪሎ ቢጫን የማዞር ጉልበቱ ወደ 60 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ማርሽህ ፍጥነቱን በ5 የሚቀንስ ከሆነ፣ ሰበቃው ሳይታሰብ የመጨረሻው ዘንግ ላይ 300 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ለክንፉ ግን እጀታው ላይ 2 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ ሲበዛበት የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያስፈልግሃል፣ ያውም እጀታው ዘንግ ላይ፣ ከማርሹ በፊት። ከማርሹ በኋላ ከሆነ ጥርሶቹ ያንን ሁሉ ጉልበት ተሸክመው ነው የሚደርሱበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የብረት ዲስክ፦ አንዱ ዘንጉ ላይ ይበየዳል፣ ሌላው እጀታው ላይ ተበይዶ ዘንጉ ላይ በነፃ ይዞራል። በመሃላቸው ወፍራም ቆዳ፣ ከውጭ ሞላ፣ ሮንዴላና ሁለት ዳዶ። ሁለተኛው ዳዶ አንደኛውን ይቆልፋል፤ ብቻውን የቀረ ዳዶ በንዝረት ይላላል። ቆዳውን ግራሶ አታስነካው፣ ከነካው ቀይረው።

ልኩን በጀሪካን አውጣው። የወፏን ዘንግ ከውስጥ እሰር፣ እጀታውን አግድም አድርገህ ጫፉ ላይ ጀሪካን አንጠልጥል። 5 ሊትር ውኃ ሲይዝ ቀጥ ብሎ መቆም፣ 10 ሊትር ሲሞላ ደግሞ መንሸራተት አለበት። ዳዶውን ሩብ ሩብ ዙር እያልክ አስተካክል። ቆዳው እያለቀ ስለሚሄድ ሙከራውን በየሳምንቱ ድገመው።

ሰው ወደ ኋላም ያዞራል፣ ልጆችማ በተለይ። የብስክሌት ፍሪ ዊል ብታስገባበት ወደ ኋላ ሲዞር ባዶውን ይሽከረከራል። እጅ ከለቀቀውም በኋላ መዞሩን የሚቀጥል ከባድ ጎማ (ፍላይ ዊል) ዘንጉ ላይ ካለህ ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ ጎማው እየዞረ እጀታው ስለሚቆም የልጅ ፊት አይመታም።

የሚጨበጠው እንጨት ብሎኑ ላይ በነፃ ይዙር፤ ከተጣበቀ መዳፍ ብሎኑን ራሱን ይፈታዋል። ከ8 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት የልጅ ጣት ያስቀረቅራልና ማርሹን በፕሌክሲግላስ ሸፍነው፣ እንዲታይ።

«ሞተር ግጠምለት» ያሉህም አሉ። ስዊዘርላንድ ባዝል ባለው፣ የሚንቀሳቀሱ ቅርጻ ቅርጾችን በሠራው በዣን ቲንግሊ ስም በተሰየመው ሙዚየም ጎብኚ ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ ጥቂት ሠርቶ ያርፋል፤ ለማሽኑ ዕድሜ ጥሩ ነው። ግን የክንፉ ክብደት እጅ ላይ አይሰማም፣ ያንተ ሥራ ደግሞ ጣዕሙ እዚያው ነው። በእጅ ከተውከው ትርፍ ቆዳና ሞላ ከነመፍቻው ከመቆሚያው ሥር አኑር፤ ጥበቃውም ዳዶው የቱ እንደሆነ ይወቅ።