ኒው ኦርሊንስን በሕዝብ ገንዘብ መልሶ መሥራት ልክ ነበር? ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ነኝ፣ ሙያዬ የውሃ ምህንድስና ነው። ሰሞኑን ቡና ላይ ስለዚች የአሜሪካ ከተማ ተከራክረን አልተስማማንም። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የሚሉት አውሎ ነፋስ መታት፣ የጎርፍ መከላከያ ግንቦቿ ተደረመሱ፣ 80 በመቶዋን ውሃ ዋጠው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግማሹ ከባሕር ወለል በታች ለሆነ ከተማ ብር ማፍሰስ በወንፊት ውሃ መቅዳት አይሆንም?

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ግንቦቹን የነደፈው የመንግሥት አካል፣ የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ኮር ነው፤ አንዳንዶቹም ውሃው አናታቸው ላይ ሳይደርስ ነው የተገፉት፣ የቆሙበት አፈር ልል ነበራ። ኮሩ ራሱ በዓመቱ ጥፋቱን አምኗል። የሠራኸው አጥር ጎረቤትህ ላይ ቢወድቅ ትክሳለህ አይደል?

ጥያቄ፦ እዚያ ስፈሩ ያላቸው ማነው?

መልስ፦ ፈረንሳዮች በ1718 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሯት ከፍ ያለው የወንዝ ዳር ላይ ነበር የሰፈሩት። ያ አሮጌ ሰፈር በካትሪናም አብዛኛው አልሰጠመም። በኋላ ነው ረግረጉን በፓምፕ እያደረቁ ቤት የሠሩበት፤ መሬቱ ሲደርቅ እየሟሸሸ ወረደ፣ ሚሲሲፒ ወንዝም በግንብ ስለታጠረ ደለሉን እንደ ድሮው አያለብስላቸውም። እኛ አባይ አፈራችንን ወሰደ እንላለን፣ እነሱ ደለል ናፈቃቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማርዲ ግራ ለሚሉት የአደባባይ ጭፈራ ነው ያ ሁሉ ዶላር?

መልስ፦ ማርዲ ግራ እኮ ቅበላ ነው! ጾማቸው ሊገባ ሲል ያለችው ማክሰኞ። እኛ ቅበላን እቤት በሥጋ እናልፈዋለን፣ እነሱ አደባባይ ይወጣሉ። ከጎርፉ በኋላም በስድስት ወሩ አክብረውታል። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን ለማየት የሄደ ሰው በዓል ስንቱን እንደሚያበላ ያውቃል፣ ከአልጋ አከራዩ እስከ ባጃጁ። ደግሞ ወደብም ናት፤ የመሀል አሜሪካ እህል በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። ወደቡ ባይኖር ለበዓሉ ብቻ ይከፍሉ ነበር? አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ብሩስ ለድሃው ደረሰ?

መልስ፦ እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ያለችበት ግዛት፣ ሉዊዚያና፣ ለቤት ባለቤቶች የሰጠው ድጎማ ማሠሪያ ወጪውንና የቤቱን የቀድሞ ዋጋ አይቶ ከሁለቱ ባነሰው ነበር የሚሰላው። ጥቁሮች ሰፈር የቤት ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ ቆርቆሮውና ሚስማሩ ግን ለሁሉም አንድ ዋጋ። ስንቱ ሳይመለስ ቀረ። በ2000 እ.ኤ.አ. 484 ሺህ የነበረው ሕዝብ በ2020 ወደ 384 ሺህ ወርዷል። እና መልሴ፣ ይከፈል፤ ግን በማሠሪያው ወጪ ይሰላ፣ ከፍ ያለ ቦታ ለሚሄድም ይሰጥ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ግንብ ይዟል?

መልስ፦ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት፣ ካትሪና በመታ ልክ በ16ኛ ዓመቱ አይዳ የሚሉት ሌላ አውሎ ነፋስ መጣ፣ ግንቡ ያዘ። መብራት ግን ለቀናት ጠፋ (በዚህስ ቤተሰብ ነን)።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ረከስ ያለ ቤት አግኝቻለሁ፣ ልግዛ?

መልስ፦ በጋ ላይ ነው ያሳዩህ? በነሐሴ ቦት ጫማህን አድርገህ ተመለስና እየው።