ጉምሩክ የያዘው የሮቦት ጥቅል፦ የድሮ አሻንጉሊቶች የውጭ አገር እትሞችና ፎርጅዶች በአሜሪካ ሕግ ፊት

ጥያቄ፦ የቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ። ልጅነቴን ጅዳ ያሳለፍኩ ሲሆን በዐረብኛ ይተላለፍ የነበረውን «ግሬንዳይዘር» የተባለ የጃፓን የሮቦት ካርቱን እያየሁ አደግኩ። ዛሬ የ1970ዎቹን ግዙፍ የጃፓን ሮቦቶች አሻንጉሊት እሰበስባለሁ፤ በተለይ በየአገሩ የወጡትን ልዩ ልዩ እትሞችና ፎርጅዶቹን። በቅርቡ ከደቡብ ኮሪያ ያዘዝኩት ጥቅል በጉምሩክ መያዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። በውስጡ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የኮሪያ ፎርጅዶችና በጣሊያን በፈቃድ ይሸጥ የነበረ አንድ ሮቦት አሉ። የከፈልኩት 340 ዶላር ነው፤ ሻጩ ግን «ስጦታ፣ 25 ዶላር» ብሎ ጽፎበታል። ወንጀል ሠርቻለሁ? በእጄ ያሉትን ትርፍ ፎርጅዶችስ በሰብሳቢዎች ገበያ መሸጥ ወይም መለዋወጥ እችላለሁ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎንና አብረው የላኳቸውን ፎቶዎች በጥሞና ተመልክቻለሁ። አስቀድሜ የሚያሳስብዎትን ላቅልልዎ፤ ፎርጅድ አሻንጉሊት ገዝቶ በቤት መደርደሪያ ላይ ለራስ ማስቀመጥ ብቻውን በፌዴራል ሕግ ወንጀል አይደለም። ሕጉ የሚከለክለው ዕቃውን ወደ አገር ማስገባትን፣ መሸጥንና ለሌላ ማስተላለፍን እንዲሁም ለመሸጥ በማሰብ ይዞ መገኘትን ነው። ስለዚህ መደርደሪያዎ ላይ ያለው፣ ጉምሩክ የያዘውና ወደ ገበያ ሊያወጡት ያሰቡት ለሰብሳቢው አንድ ዓይነት ዕቃ ቢሆኑም በሕግ ፊት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ የውጭ አገር እትምና ፎርጅድ ብዙ ጊዜ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ከጃፓኑ ዕቃ በቀለም፣ በሣጥንና በስም ስለሚለዩ ዋጋቸውም ማራኪነታቸውም ከዚሁ ልዩነት ይመነጫል። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ልዩነቱን ሳይሆን ዕቃው ሲሠራ የመብቱ ባለቤት ፈቅዶ እንደሆነ ነው። ጣሊያን ውስጥ የግሬንዳይዘር ተከታታይ ካርቱን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ «አትላስ ኡፎ ሮቦት» በሚል ስም ሲታይ፣ በጣሊያንኛ ሣጥን የተሸጡትና ፈቃድ ያላቸው አሻንጉሊቶች ሕጋዊ ዕቃዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን በሌላ አገር ያለ ፈቃድ የተሠራው ግን የቱንም ያህል ቢያምርና ብርቅ ቢሆን፣ ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም፣ ዕድሜው ሕጋዊ አያደርገውም።

ስለዚህ ከጣሊያኑ ሮቦት ልጀምር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በኪርትሳንግ ጉዳይ፣ አንድ ታይላንዳዊ ተማሪ በውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ የታተሙ የመማሪያ መጻሕፍትን አስመጥቶ በአሜሪካ መሸጡ የቅጂ መብትን እንደማይጥስ ወስኗል። መርሑ የመጀመሪያ ሽያጭ ይባላል፤ የመብቱ ባለቤት በፈቀደው መንገድ የተሠራ አንድ ቅጂ ከተሸጠ በኋላ የገዛው ሰው መልሶ ሊሸጠው ይችላል ማለት ነው። ይህ ለጣሊያኑ ሮቦትዎ በቀጥታ ይሠራል።

የንግድ ምልክት ሕግ ግን የራሱ መንገድ አለው፤ በአሻንጉሊት ጉዳይ የተሰጠ ውሳኔ ስላለም ላስታውስዎ እወዳለሁ። በ1980ዎቹ እጅግ ይፈለጉ የነበሩት የካቤጅ ፓች አሻንጉሊቶች በስፔን ሄስማር በተባለ ድርጅት በፈቃድ ይሠሩ ነበር። አሻንጉሊቶቹ እውነተኞች ሲሆኑ አብሯቸው የሚመጣው የልደት ምስክር ወረቀትና የማደጎ ወረቀት ግን በስፓኒሽ የተጻፈ ነበር። አሜሪካዊው ሕፃን ወረቀቱን ሞልቶ ሲልክ የሚቀበለው ስላልነበረ፣ የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1987 ልዩነቱ መሠረታዊ ነው በማለት እነዚያን አሻንጉሊቶች ወደ አሜሪካ አስገብቶ መሸጥ የምልክቱን መብት እንደሚጥስ ወሰነ። ያ አስመጪ ግን አዳዲስ ዕቃዎችን በብዛት ከአሜሪካው ዕቃ ጋር በአንድ ገበያ ይሸጥ ነበር። አንድ አሮጌ ሮቦት የጣሊያን እትም መሆኑን፣ ያገለገለ መሆኑንና የሣጥኑን ቋንቋ በግልጽ ጽፎ ለሚያውቅ ሰብሳቢ መሸጥ ከዚያ በጣም የራቀ ነው፤ በእኔ አስተያየት ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው። እርስዎ ደግሞ ይህን የጣሊያን ሮቦት ለመሸጥ አላሰቡም፤ ስለዚህ ጉምሩክ ይህን ዕቃ ከሌሎቹ ለይቶ እንዲለቅልዎ መጠየቅ ይገባዎታል።

ከባዱ ጉዳይ የኮሪያዎቹ ሁለት ፎርጅዶች ናቸው። ብዙ ሰብሳቢዎች «በዚያን ጊዜ በኮሪያ መሥራቱ አልተከለከለም ነበር» ሲሉ እሰማለሁ፤ አነጋገሩም መሠረት የለሽ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ የቅጂ መብት ሕጓን ከመሠረቱ አሻሽላ ወደ ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1987 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የውጭ አገር ሥራዎች ያገኙት የነበረው ጥበቃ እጅግ ደካማ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 602 የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ዕቃው በተሠራበት አገር ሕጋዊ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የአሜሪካ ሕግ ተፈጻሚ ቢሆን ኖሮ አሠራሩ የመብት ጥሰት ይሆን ነበር ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። መልሱ አዎ ከሆነ ዕቃውን ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ የሴዑል ሱቅ ደረሰኝ ጉምሩክ ፊት አይጠቅምዎትም።

ሁለተኛው በሰብሳቢዎች መካከል የተለመደ እምነት «የጃፓኑ ዕቃ ላይ የቅጂ መብት ምልክት አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም ሊቀዳው ይችላል» የሚለው ነው። ይህ ክርክር በሮቦት አሻንጉሊቶች ላይ ቀርቦ ወድቋል። የጃፓኑ ታካራ የሠራቸውን፣ በአሜሪካ ሃዝብሮ በትራንስፎርመርስ ስም ይሸጣቸው የነበሩትን «ቶፕስፒን» እና «ትዊን ትዊስት» የተባሉ ሮቦቶች ስፓርክል ቶይስ የተባለ ድርጅት የመብት ምልክት ከሌላቸው የእስያ እትሞች ቀድቶ ማስገባቱን አልካደም። ሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በታኅሣሥ 1985 ምልክቱ መጉደሉ በኋላ ሊታረም የሚችል መሆኑን ገልጾ የእግድ ትእዛዙን አጽንቷል። ከጥር 1996 ጀምሮ ደግሞ ኮንግረስ በሥርዓት ጉድለት ጥበቃቸውን አጥተው የነበሩ የውጭ አገር ሥራዎችን መብት መልሷል። ከ1978 በፊት የታተመ እንዲህ ያለ ሥራ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ 95 ዓመት ይጠበቃል፤ በ1975 የወጣው የግሬንዳይዘር ምስል ጥበቃው እስከ 2070 መጨረሻ ይደርሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፎቶዎ ልመለስ፤ ለጉዳይዎ እጅግ የሚጠቅመኝ ከሮቦቱ ውስጥ እግር የተነሣው ፎቶ ነውና። የድሮ ፎርጅድ ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ አዲስ ቅርጽ ከመንደፍ ይልቅ ከኦርጅናሉ ላይ ሞልድ ያወጡ ነበር። እንዲህ የተሠራ ቅጂ ከኦርጅናሉ በጥቂቱ ያንሳል፤ ጠርዞቹም የደበዘዙ ናቸው። በውስጥ እግሩ የነበረው የፋብሪካ ምልክት ሳይፋቅ ከቀረም እሱም አብሮ ይታተማል። በእርስዎ ፎቶ ላይ ሣጥኑ በኮሪያ ፊደል የተጻፈ ሌላ ስም ይዟል፤ ከግራ እግሩ ሥር ግን የደበዘዘ የጃፓን አምራች ምልክት አያለሁ። ይህ የደበዘዘ ምልክት ትልቅ ትርጉም አለው። ሣጥኑ ላይ ሌላ ስም ብቻ ቢኖር ኖሮ የንግድ ምልክት ጥያቄው ቢበዛ «የሚያምታታ ተመሳሳይነት» ላይ ይቆም ነበር። ከተመዘገበ ምልክት ሊለይ የማይችል ምልክት ካለበት ግን ሕጉ ዕቃውን ሐሰተኛ ምልክት የያዘ ብሎ ይጠራዋል፤ መያዝና መውረስም ይከተላል። ስለዚህ ምልክቱ በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ መዝገብ ላይ አለ ወይ፣ ለአሻንጉሊትስ ነው ወይ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ነው ወይ የሚለውን ማጣራት ያስፈልጋል። ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ያልተሠራበት ምልክት እንደተተወ ይገመታልና፣ በ1983 ከባንዳይ ጋር እንደተዋሐደው ፖፒ ያሉ የቀድሞ አምራቾች ምልክት ላይ ይህ ማጣራት ከንቱ ልፋት አይደለም። የቅጂ መብቱ ጥያቄ ግን በዚህ አይወገድም።

ጥቅሉ በፖስታ መምጣቱም ጎድቶዎታል። ሕጉ ለመንገደኛ አንድ ጠባብ በር ከፍቷል፤ ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው አብሮት በያዘው ሻንጣ ውስጥ ለግል መገልገያው ሐሰተኛ ምልክት ያለበትን ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ዕቃ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል፤ ይህም በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሸጠው ደግሞ ይወረሳል። ይህ ፈቃድ የንግድ ምልክትን ብቻ ይመለከታል፤ ለብቻው ተጉዞ ለመጣ ጥቅልም አይሠራም። አንድ ዓይነት ሁለት ዕቃ ማዘዝዎ ደግሞ «ለሽያጭ ነው» የሚል ጥርጣሬ ይጋብዛል።

አሁን ምን ያድርጉ? የደረሰዎት ደብዳቤ ዕቃው ገና ለምርመራ መቆየቱን የሚገልጽ ከሆነ፣ ምልክቱ ሐሰተኛ አለመሆኑን ለማስረዳት ያለዎት ጊዜ ሰባት የሥራ ቀን ብቻ ነው። መያዙን የሚገልጽ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያው ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ የምሕረት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። የእኔ ምክር ለጣሊያኑ ሮቦት እንዲሟገቱ፣ ሁለቱን ፎርጅዶች ግን እንዲተዉ ነው። መተው የልብ ስብራት እንደሆነ ይገባኛል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ እንደገና ላይገኝ ይችላል። ቢሆንም ለሁለቱ ዕቃዎች የሚወጣው የጠበቃ ክፍያ ከዋጋቸው በላይ ይሆናል፤ ውጤቱም አያስተማምንም። ለሽያጭ ሐሰተኛ ምልክት ያለበት ዕቃ በሚያስገባ ሰው ላይ ጉምሩክ የገንዘብ ቅጣት መጣል ይችላል፤ ቅጣቱም በመጀመሪያው ጊዜ ዕቃው ኦርጅናል ቢሆን በሚያወጣው ዋጋ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በእጥፉ ሊሰላ ስለሚችል ሁለተኛ ጥቅል እንዲህ ሆኖ እንዲመጣ አይፍቀዱ።

ከሁሉ በላይ የምፈራልዎት ግን ሻጩ የጻፈውን «ስጦታ፣ 25 ዶላር» የሚለውን ነው። የጻፈው እሱ ነው፤ እርስዎ ግን በአቤቱታዎ ላይ ቢደግሙት ወይም አውቀው ዝም ቢሉ ሐሰተኛው መግለጫ የእርስዎ ይሆናል። እውነተኛውን ደረሰኝና የከፈሉበትን የባንክ ማስረጃ ያያይዙ፤ 340 ዶላር ከፍለው የገዙት መሆኑን በግልጽ ይጻፉ፤ የሚገባ ቀረጥ ካለም ይክፈሉ። ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል ይሰጥ የነበረው ነፃ መግቢያ ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ስለታገደ፣ ሻጮች ዋጋ ዝቅ አድርገው እንዲጽፉ የሚገፋፋቸው ምክንያት ጨምሯል። ከእንግዲህ ከማዘዝዎ በፊት እውነተኛው ዋጋ እንዲጻፍ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወደ ገበያው ልለፍ። ቤትዎ ያሉትን ፎርጅዶች «ፎርጅድ ነው» ብለው ጽፈው መሸጥ ነፃ ያደርግዎታል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ቅን አስተሳሰብ ነው፤ ሕጉ ግን አይቀበለውም። በፍሎሪዳ የሰልባጅ ገበያ ሐሰተኛ የሮሌክስ ሰዓት በ27 ዶላር ይሸጥ የነበረ ሰው፣ በዚያ ዋጋ ማንም እውነተኛ ነው ብሎ እንደማይታለል ተከራክሮ ነበር። የአሥራ አንደኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1987 የገዢው ማወቅ ብቻ ክሱን እንደማያስቀር ገልጿል፤ ዕቃውን በኋላ በገዢው እጅ ላይ የሚያየው ሌላ ሰው ሊሳሳት ይችላልና። መለዋወጥም ከሽያጭ አይለይም፤ የወንጀሉ ሕግ ጥቅም የሚለው ዋጋ ያለውን ማንኛውንም ነገር መቀበልን ነውና፣ ፎርጅድ ሰጥቶ ኦርጅናል መቀበልም በዚያ ውስጥ ይወድቃል። ሐሰተኛ ምልክት ባለበት ዕቃ አውቆ በመነገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት ሰው እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ሁለት አሮጌ ሮቦት የለወጠን ሰብሳቢ እንዲህ ያሳድዳል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን የመብት ባለቤቶች በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላሉ፣ የመሸጫ ድረ ገጾችም ሒሳብዎን ሊዘጉ ይችላሉ። የመጀመሪያ ሽያጭ መርሕ በሕጋዊ መንገድ ላልተሠራ ቅጂ እንደማይሠራም አይርሱ። ስለዚህ በፈቃድ የወጡትን የውጭ አገር እትሞች ይሽጡ፤ ፎርጅዶቹን ለራስዎ ያቆዩ።

ልጆች ቤትዎ ካሉ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። የእነዚህ ሮቦቶች ቡጢና ሚሳይል በሞላ ተገፍቶ ይወነጨፋል፤ ትንንሽ ክፍሎቻቸውም ጉሮሮ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። በ1978 በአሜሪካ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ 0.06 በመቶ ነበር፤ ዛሬ 0.009 በመቶ ነው፤ የድሮ ፎርጅድ ቀለም ውስጥ ግን ምን ያህል እንዳለ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ለልጅ መጫወቻ አይስጧቸው፤ ሕጋዊውን እትም ሲሸጡም ለአዋቂ ሰብሳቢ መሆኑን ይጻፉበት።

ይህ መልስ በደብዳቤዎ ላይ ባለው መረጃ ብቻ የተመሠረተ ነው። አቤቱታውን ከመላክዎ በፊት የጉምሩኩን ደብዳቤ ሙሉ ቅጂ፣ የሁለቱንም እግሮች ሥር በብርሃን የተነሣ ፎቶና የጣሊያኑን ሣጥን አራቱንም ጎኖች ይላኩልኝ። የ30 ቀኑ ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው እጅዎ ከገባበት ሳይሆን ከተላከበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ፖስታው ላይ ያለውን ማኅተም ሳይጥሉ ያቆዩት።