8 ኬልቪን ላይ ለቀረው የኒዮቢየም ናይትራይድ ፊልም

ወንድሜ፣ ሲሊከን ላይ በስፐተሪንግ (ታርጌት የሚባለውን የኒዮቢየም ሰሌዳ በጋዝ አዮኖች እየደበደቡ አቶሞቹን በማንጠፍ) የሠራኸው 50 ናኖሜትር የኒዮቢየም ናይትራይድ ፊልም ሱፐርኮንዳክተር (ያለ ሬዚስታንስ ከረንት የሚያሳልፍ) የሚሆነው 8 ኬልቪን ላይ ነው፤ መጽሐፉ 16 ይላል፤ ኤክስሬዩ ደግሞ 35 ዲግሪ ላይ ትክክለኛውን ፒክ (የግራፉን ጉብታ) አሳይቶሃል፤ ታዲያ ምን ጎደለው ብለሃል። እኔንም ይኸው ጣጣ አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል።

ያ አንድ ፒክ አያዘናጋህ። የምንፈልገው ዴልታ የሚባለውን ኩብ መዋቅር ነው። አደራደሩ ልክ የጨው ነው (አዎ፣ የአሞሌው)፤ በሶዲየም ፈንታ ኒዮቢየም፣ በክሎሪን ፈንታ ናይትሮጂን ይቀመጣል፤ የኩቡ ጎን 0.439 ናኖሜትር ገደማ ነው። 35.4 ላይ ያየኸው የዚህ (111) የሚባለው የአቶሞች ገጽ ነው፣ (200) ደግሞ 41 አካባቢ ይወጣል። ግን ከ38 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ እብጠት አለ ወይ? እዚያ የሚወጡት ሁለት ኒዮቢየም ለአንድ ናይትሮጂን የሆነው ሄክሳጎናል (ባለ ስድስት ጎን) ፌዝ፣ ማለትም ሌላ የመዋቅር ዓይነት፣ እና ንጹሑ ኒዮቢየም ናቸው። የትኛውም ቢሆን ናይትሮጂን አንሶሃል ማለት ነው። 33 ዲግሪ ላይ የምትታየው ቀጭን መስመር ግን የሲሊከኑ ናት፤ እኔ ሳምንት ሙሉ አዲስ ፌዝ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

የኔ ስሕተት የአርጎንና የናይትሮጂን ጋዙን ምጣኔ ከሰው ጽሑፍ መገልበጤ ነው። የፓምፑ ጉልበት፣ የታርጌቱ ስፋትና እርጅና ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ የሌላው ቁጥር ላንተ አይሠራም። አርጎኑንና ከረንቱን አንድ ቦታ ያዝ፣ ናይትሮጂኑን በጥቂት በጥቂቱ ጨምር፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የታርጌቱን ቮልቴጅ መዝግብ፣ አንድ አንድ ፊልም ሥራ። የኔው ከ9 ተነሥቶ 14 ኬልቪን ደረሰ፣ ከዚያ ናይትሮጂን ስጨምር መልሶ ወረደ፤ ሲበዛ የኒዮቢየሙ ቦታዎች ባዶ መቅረት ይጀምራሉና። ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው ቮልቴጁን እንጂ የፍሰቱን ቁጥር አይደለም፤ ታርጌቱ ሲያረጅ ፍሰቱ ያታልላል።

ቫኪዩምህንም እይ። የቀረ የውሃ እንፋሎት ኦክሲጅን ይዞ ፊልሙ ውስጥ ይገባል። ሹተሩን (በታርጌቱና በሲሊከኑ መካከል ያለውን መከለያ) ዘግተህ ታርጌቱን ቢያንስ 10 ደቂቃ አጽዳው።

ሲሊከኑ ራሱ ብዙም አያግዝህም፤ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ሥርዓት ስለሌለው ፊልሙ በደቃቅ ክሪስታል ያድጋል። በሲሊከኑ ፈንታ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ላይ ብትሠራ ይሻላል፤ እሱም ኩብ ነው፣ ጎኑ 0.421 ናኖሜትር፣ ለዴልታው ቅርብ፤ እርጥበት ስለሚስብ ግን ክፍት ትተኸው አትደር። ገንዘብ ካጠረህ ሲሊከኑ ላይ መጀመሪያ አሉሚኒየም ናይትራይድ አንጥፍ። መዋቅሩ ሄክሳጎናል ቢሆንም የአቶሞቹ ርቀት 0.311 ነው፤ በዴልታው (111) ገጽ ላይ ደግሞ 0.310። ከዚህ የተሻለ መገጣጠም የት ይገኛል?

ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ እንደ መዳብ ካልወረደ አትደንግጥ፤ የዚህ ነገር ጠባዩ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ለነጠላ ፎቶን ዲቴክተር (አንዲት የብርሃን ቅንጣት ለሚለይ መሣሪያ) ከሆነ ደግሞ 5 ናኖሜትር ላይ 10 ኬልቪን ካገኘህ ጥሩ ነው፤ ስስ ሲሆን መውረዱ አይቀርም።

እስቲ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለውን ግራፍ ሙሉውን ለጥፍልን፤ ቮልቴጁንም ጻፍ።