ሕመሙ የተወው ጥርስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ከከተማው ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። የምጽፍልዎት ስለ ባለቤቴ ነው። ዕድሜው 41 ሲሆን የአሸዋ ሲኖትራክ ስለሚያሽከረክር ሌሊት 10 ሰዓት ወጥቶ ማታ ይገባል። ከአምስት ወር በፊት የታችኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርሱ ሲነዝረው አድሮ ጉንጩ አበጠ። ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ሦስት ቀን ዋጠና እብጠቱ ሲጎድልለት የቀረውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ሕመም የለውም። ይሁን እንጂ በጥርሱ ግርጌ፣ ድዱ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ብጉር አልፎ አልፎ ትወጣለች፤ ስትፈርጥ አፉን ጨው ጨው ይለዋል፣ ከዚያ ትጠፋለች። ታከም ስለው «ከተወኝ ምን አስነካካኝ» ይለኛል። እናቱ ደግሞ ያበጠ ጥርስ የተነቀለ ሰው አይተርፍም ይላሉ። ጎረቤቴ በበኩሏ የጥርስ ቁስል ልብንም ኩላሊትንም መገጣጠሚያንም ያበላሻል ብላ አስፈራችኝ። የማንን ልስማ? በነገራችን ላይ ባለቤቴ በልጅነቱ የልብ ሕመም አለብህ ተብሎ በየወሩ መርፌ ይወጋ ነበር፤ ካቋረጠው ብዙ ዓመት ሆኖታል።
ስሜ አይገለጽ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «በነገራችን ላይ» ብለው በመጨረሻ ያከሏት ቃል ከደብዳቤዎ ሁሉ የከበደች ናት፤ እመለስባታለሁ። አስቀድሜ ግን ጥርሱ ለምን ዝም እንዳለ ላስረዳ።

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ በመካከሉ የደም ሥርና ነርቭ ያለው ለስላሳ ሥጋ አለ። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ እየለወጡ የጥርሱን ሽፋን ቀስ በቀስ ይቦረቡሩትና ወደዚህ ሥጋ ይደርሳሉ። ሥጋው በዚህ ጊዜ ይቆጣል፤ ነገር ግን ዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ ማበጫ ቦታ የለውም። ያን ሌሊት ባለቤትዎን እንቅልፍ የነሳው ንዝረት ይህ ነው። ጥቂት ሲቆይ ሥጋው ይሞታል፤ ነርቩም አብሮ ስለሚሞት ሕመሙ ይቆማል። ባክቴሪያው ግን አልሞተም፤ እንዲያውም የደም ሥር በሌለበት ባዶ ቤት ውስጥ የሰውነት መከላከያ ሳይደርስበት ይራባል። መግሉ በሥሩ ጫፍ አጥንቱን ሰርስሮ ድድ ላይ ቀዳዳ ያበጃል፤ ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ብጉር የመግሉ መውጫ በር ናት። የማታመው መግሉ በእርሷ በኩል ስለሚተነፍስ ነው። በሩ የተዘጋ ዕለት መግሉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

አሞክሲሲሊኑንም በሚመለከት፣ ኪኒን በሦስት ቀን ማቋረጥ ስሕተት ቢሆንም የባለቤትዎ ጥርስ ያልዳነው በዚህ ምክንያት አይደለም። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ስለዚህ በዙሪያው ያለው እብጠት ይጎድላል እንጂ ምንጩ አይነካም፤ ምንጩ የሚደርቀው ጥርሱ ተከፍቶ ሥሩ ሲታከም ወይም ጥርሱ ሲነቀል ብቻ ነው። በመሳቢያው ውስጥ የቀረውን ኪኒን ለሚቀጥለው እብጠት ወይም ለጎረቤት ልጅ እንዳታቆዩት አደራ እላለሁ።

መግሉ የሚፈልገው ሌላ መንገድ በታችኛው መንጋጋ ላይ ክፉ ነው። የኋለኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ሥር ምላስን ከታች ከሚደግፈው ጡንቻ በታች ስለሚዘልቅ መግሉ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ይወርዳል። ቪልሄልም ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 የጻፈለትና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሕመም ይህ ነው፤ የአፍ ወለል አብጦ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ እየገፋ የመተንፈሻ መንገድን ይዘጋል። አገጭ ሥር ጠንካራ እብጠት ከታየ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ እስኪነጋ ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም። በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በላይኛው ጥርስ ሳቢያ የዓይን ቆብ ሲያብጥም ፍርዱ ያው ነው።

አማትዎ የሚሉት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሰው እስኪከፋ ቆይቶ በመጨረሻው ሰዓት ጥርሱን ያስነቅልና ሲሞት፣ ነቀላው ይከሰሳል፤ የገደለው ግን ቀድሞ የተሰራጨው ቁስል ነው። በእርግጥ በመግል በተቆጣ ሥጋ ላይ ማደንዘዣ ስለሚደክም ሐኪሙ መጀመሪያ መግሉን አፍስሶ ነቀላውን ለሌላ ቀን ሊያቆየው ይችላል። የአስተናግር ፍሬ ጭስ ታጥኖ «ትሉን ማውጣት» የሚባለውን ግን እንዳትሞክሩት፤ ጥርስ ውስጥ ትል የለም፣ አስተናግር ደግሞ ሰው የሚያቃዥ መርዝ ነው።

ጎረቤትዎ ከተናገሩት እኩሌታው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ዊልያም ሃንተር የተባለ የብሪታንያ ሐኪም በሞንትሪያል ባደረገው ንግግር የብዙ በሽታ ሥር የታመመ አፍ ነው ብሎ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጉልበት ሕመም ያለበት ሁሉ ጥርሱን እስኪጨርስ ይነቀል ጀመር። ጉልበቱ ግን አልዳነም። መገጣጠሚያ ባመመ ቁጥር ጥርስን መክሰስ አይገባም። ከስኳር በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ግን የታወቀ ነው፤ የድድ ቁስል ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፣ ከፍ ያለ ስኳርም ቁስሉን ያባብሳል።

ልብ ላይ ስንደርስ የእርስዎ «በነገራችን ላይ» ትመጣለች። በልጅነት በየወሩ የሚሰጥ መርፌ ብዙውን ጊዜ የጉሮሮ ቁስልን ተከትሎ የልብ ቫልቭን፣ ማለትም በልብ ውስጥ ደም የሚያልፍበትን በር፣ ለሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚታዘዘው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። የታመመ አፍ ሲታኘክበትም ሲፋቅም ባክቴሪያን ወደ ደም ይረጫል። ጤነኛ ሰው ወዲያው ያጠፋዋል፤ ጠባሳ ባለበት ቫልቭ ላይ ግን ባክቴሪያው ሊያርፍና ሊራባ ይችላል። ኢንዶካርዳይቲስ የሚባለው ይህ ሕመም ጸጥ ብሎ ነው የሚጀምረው፦ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ድካም፣ ክብደት መቀነስ። በእኛ ዘንድ የሰነበተ ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ስለሚባል ሰው ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ቫልቩ ይበላል፤ በዘፈቀደ የተዋጠው ኪኒንም ባክቴሪያው በደም ምርመራ እንዳይገኝ ይሸፍነዋል። ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ምልክት ካለበት ጥርሱን ትቶ አስቀድሞ ሆስፒታል ይሂድ።

ምልክቱ ከሌለበት፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሥራ ያስፈቅዱትና የጥርስ ራጅ ይነሣ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ስለ ልቡ ይናገር፤ መርፌውን ዛሬም የሚወጋ ሰው ወይም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ይህንኑ መደበቅ የለበትም፣ የሚመረጠው መድኃኒት በዚያ ይለወጣልና። ከነቀላ በፊት የሚሰጥ የመከላከያ ኪኒን ለሁሉም የልብ ሕመምተኛ አይደለም፤ በተለይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለውና ቀድሞ ኢንዶካርዳይቲስ ለያዘው ነው፤ ለባለቤትዎ ያስፈልግ እንደሆነ የልብ ሐኪሙ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ አይቶ ይወስናል። መርፌውን ማቋረጡ ትክክል መሆን አለመሆኑም የሚነገረው ያኔ ነው። ጥርሱ ተሸራርፎ ካላለቀ የሥር ሕክምና ያድነዋል፤ ካለቀ ወይም ተመላልሶ የመታከሚያ ጊዜና ገንዘብ ከሌለ መነቀሉን አልቃወምም። አፉ ውስጥ መግል ይዞ ከሚያሽከረክር አንድ ጥርስ ቢያጣ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ መንጋጋ ጥርሴ ተቦርቡሮ ያመኛል። ሁሉም ሰው እስክትወልጂ ታገሺ ይለኛል። ልታገሥ?

መልስ፦ አይታገሡ፣ እህቴ። አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ወር ለጥርስ ሕክምና ምቹ የሆነው ጊዜ ነው፤ ሆድ ገና ስላልከበደ በጀርባ መተኛት አያስቸግርም። የጥርስ ማደንዘዣ ለእርግዝና አያሰጋም፤ ራጅም አስፈላጊ ከሆነ በጥንቃቄ ይነሣል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ሐኪም ሳያዝልዎ እንዳይውጡ። ነፍሰ ጡር መሆንዎንና ወሩን ገና ካርድ ሲያወጡ ይናገሩ።