ፎርኬ ቲቪ ገዝቼ ምስሉ ለምን ደበዘዘ?

ወንድሜ ጥያቄህን አነበብኩት፣ 55 ኢንች ፎርኬ ቲቪ ገዝተህ የድሮው 32 ይሻል ነበር፣ እናትህም የሰው ፊት የታጠበ መሰለኝ እያለች ነው፣ ሪሲቨሩን ልቀይረው ወይ ነው ያልከው። ቆይ፣ ብር አታውጣ።

መጀመሪያ ከሪሲቨሩ ጀርባ ያለውን ገመድ እየው። ቢጫ ቀይ ነጭ ጫፍ ያለው ኤቪ ከሆነ ችግሩ እዛው ነው፣ በሱ ገመድ የፈለገውን ኤችዲ ቻናል ብትከፍት ቲቪው ጋ የሚደርሰው የድሮው ጥራት ነው። እሱ 720 በ576 ነጥብ ነው፣ ያንተ ቲቪ ደግሞ 3840 በ2160፣ ብታካፍለው ልክ 20 እጥፍ ይመጣል፣ ስለዚህ 32ቱ ላይ የማይታወቀው ጉድለት እዚህ ተለጥጦ ይታያል። ኤችዲኤምአይ ሰካና ሪሲቨሩን 1080 ላይ አድርገው። ቻናሉ ራሱ ኤስዲ፣ ማለትም የድሮው ጥራት ከሆነ ግን አይጠራም፣ ሶፋውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበው። ፒክቸር ሞዱን ከቪቪድ አውጥተህ ሲኒማ ወይ ሙቪ አድርግ፣ ሻርፕነሱንም ቀንስ፣ ብዙ ሰው ሲጨምረው የሚጠራ ይመስለዋል ግን የሚያመጣው በሰው ፊትና በፅሁፍ ዙሪያ ነጭ መስመር ነው።

እናትህን ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ ድራማው ይቆራረጥባታል ወይ? በስራዬ ያየሁት፣ ሰው ታሪኩ ከያዘው ድብዝዙን ቶሎ ይለምደዋል፣ መቆራረጥን ግን አይለምድም። ባለፈው አንድ ቤት ሄጄ እማማ በድሮ ቲቪ ድራማ እያዩ በነጠላቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ምስሉ ላይ መስመር ይመላለሳል፣ እኔን የጠሩኝ ግን ለመስመሩ አይደለም፣ ወሬው ሲጣፍጥ ቀጥ እያለ አስመርሯቸው ነው። ጣራ ላይ ወጥቼ ሳይ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ሲግናል ተቀባይ) ላይ የሚገባው የገመድ ጫፍ ዝናብ ገብቶበት አረንጓዴ ሆኗል፣ ቆርጬ አዲስ ጫፍ አሰርኩለት፣ በቃ። ኳስ ላይ ግን ጥራት የግድ ነው፣ በኤስዲ ረጅም ኳስ ሲመታ ሳሩ ውስጥ ይጠፋብሃል።

ስለዚህ ሪሲቨሩ ላይ የሲግናል ኳሊቲውን ክፈትና ከፍ ዝቅ ካለ ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅለህ ያንን ጫፍ እየው። አዲስ ሪሲቨር የምትገዛው ያንተው ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ከሌለው ወይ ኤችዲ ቻናል አልከፍት ካለህ ብቻ ነው፣ ያኔም ፎርኬ የሚል ፍለጋ አትድከም፣ ኤችዲው ይበቃሃል።