የኒውዮርክ ቡና በወር ስንት ይወዛወዛል? የጅማ አቅራቢዎች ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ የኒውዮርክን የቡና ዋጋ በስልኩ የሚከታተል አቅራቢ በዝቷል። በኦፕሽን (በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) ገበያ ላይ ስለሚነገረው «የሚጠበቅ እንቅስቃሴ» ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹና መልሶቹ እነሆ።

ጋሼ፣ ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው?

አይደለም። ወደየት እንደሚሄድ አይነግርህም። ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ብቻ ነው የሚለው።

እስቲ በቁጥር አሳየን።

ካልኩሌተር አውጡ። አንድ ፓውንድ ቡና 300 ሴንት ነው እንበል። ኦፕሽኑ ላይ የሚታየው ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ 40 በመቶ ይሁን። ይህ ገበያው ለአንድ ዓመት የገመተው መዋዠቅ ነው። የቀረው ጊዜ 30 ቀን ነው። 30ን ለ365 አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ 0.287 ይመጣል። 300 ሲባዛ በ0.40 ሲባዛ በ0.287፣ 34 ሴንት ግድም ይሆናል። ስለዚህ ክልሉ ከ266 እስከ 334 ነው። አንድ ኮንትራት 37,500 ፓውንድ ስለሆነ 34 ሴንት ማለት 12,750 ዶላር ነው። ቀላል ብር አይደለም!

ለ60 ቀን 68 ሴንት ነዋ?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። 49 ገደማ ነው። እንቅስቃሴው በእጥፍ እንዲያድግ ቀኑ አራት እጥፍ መሆን አለበት።

ቮላቲሊቲውን ካላገኘሁትስ?

የተቆረጠላቸው ዋጋ አሁን ካለው ዋጋ ጋር እኩል የሆነውን ኮል (የመግዛት መብት) እና ፑት (የመሸጥ መብት) መሸጫቸውን ደምር። 14 እና 13.5 ቢሆኑ 27.5 ነው። በ1.25 አባዛው፤ ያው 34 ይመጣል።

ከ334 አያልፍም ማለት ነው?

ኧረ ያልፋል! ስሌቱ የሚለው ከመቶው 68 ጊዜ ያህል በክልሉ ውስጥ ይቆያል ነው። ከሦስት አንዱ ገደማ ይወጣል ማለት ነው። በሐምሌ 2013 ብራዚል ላይ ውርጭ ሲወርድ ዋጋው በቀናት ውስጥ ነው የተተኮሰው። «ከክልሉ አይወጣም» ብላችሁ ኦፕሽን እንዳትሸጡ፣ አደራ።

ከአጋሮ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ጀንፈል (ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና) አለኝ፤ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?

እትዬ፣ ይህን ቁጥሩ አይመልስልዎትም። የብር ምንዛሪም አለበት፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ነው የሚወሰነው። እኔ ብሆን የታችኛውን ጫፍ እይዝ ነበር። ዋጋው 266 ቢገባ የባንክ ብድርዎን መክፈል ይችላሉ? ካልቻሉ ቢያንስ ለብድሩ የሚበቃውን ያህል አሁን ይሽጡ።